ውሃው ሲበከል ማን ይናገራል?

ግንቦት 9 ቀን 1992 ዓ.ም. በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ለውሃ አገልግሎቱ ቢሮ አንድ የፋክስ ወረቀት ደረሰ። ከሁለት ቀን በፊት ከከተማዋ መስመር ተቀድቶ ለምርመራ የተላከው ውሃ ውጤት ነበር። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ተገኝቶበታል። የዚህ ባክቴሪያ መኖሪያ አንጀት ነው፤ ውሃ ውስጥ ከተገኘ የሰው ወይም የከብት ዓይነ ምድር ገብቶበታል ማለት ነው። ውጤቱ የደረሰው የአገልግሎቱ ኃላፊ ለጤና ቢሮ አልደወለም። ለከተማው ሕዝብም አልተናገረም።

በማግስቱ ሁለት ሕፃናት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟቸው በአቅራቢያው ባለው ከተማ ሆስፒታል ገቡ። ያከመቻቸው ሐኪም ነገሩ ከንክኗት ለጤና ቢሮ አሳወቀች። ጤና ቢሮው ወደ ውሃ አገልግሎቱ ደውሎ ቢጠይቅ ውሃው ደህና እንደሆነ ተነገረው። ደግሞ ቢደውልም መልሱ ያው ሆነ። በሽተኛው ግን በየሰዓቱ ይጨምር ነበር። በመጨረሻ ጤና ቢሮው የማንንም ማረጋገጫ ሳይጠብቅ፣ ግንቦት 13 ቀን እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሕዝቡ ውሃውን አፍልቶ እንዲጠጣ በሬዲዮ አስነገረ። ማስጠንቀቂያው ዘግይቷል። ወደ 4,800 ሰው በሚኖርባት ከተማ 2,300 ያህል ሰው ታመመ፤ 7 ሰዎች ሞቱ።

ዎከርተን ውሃ የጠማት ከተማ አልነበረችም። ላቦራቶሪም፣ ክሎሪንም፣ ሐኪምም አላጣችም። የጎደላት አንዱ ያወቀውን ለሌላው የሚያደርስ መንገድ ነው። የመጠጥ ውሃን ከብክለት መጠበቅ ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጡት ግድብ፣ ማጣሪያና ቧንቧ ናቸው፤ ያለ እነሱም የሚሆን ነገር የለም። ይሁንና ከውሃው መስመር ጎን ለጎን የሚዘረጋ ሌላ መስመር አለ፤ የልኬቱ ቁጥር፣ የሐኪሙ ጥርጣሬ፣ የነዋሪው አቤቱታና የባለሥልጣኑ ማስጠንቀቂያ የሚመላለሱበት የወሬ መስመር። ያለፉት 170 ዓመታት ታላላቅ የውሃ ወለድ ወረርሽኞች ሲመረመሩ፣ ብክለት ወደ እልቂት የተለወጠው ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው መስመር ሲቆረጥ ነው።

በመዝገብ ላይ ብቻ የነበረ ክሎሪን

የዎከርተን አደጋ የመነጨው ቁጥር አምስት ተብሎ ከሚጠራው ጉድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቆፈረው ይህ ጉድጓድ ጥልቀት አልነበረውም፤ ውሃውን የሚያገኘው ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ዝቅ ብሎ ካለ የተሰነጣጠቀ አለት ነው። አጠገቡ የእርሻ መሬት አለ። ገና ከጅምሩ በቀላሉ ሊበከል እንደሚችል ባለሙያዎች ያውቁ ነበር። ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 4 ባሉት አምስት ቀናት በአካባቢው ዶፍ ወረደ። ለማዳበሪያ የተበተነው የከብት እበት ከዝናቡ ጋር ሰርጎ በአለቱ ስንጥቅ ወደ ጉድጓዱ ዘለቀ። የማሳው ባለቤት ያጠፋው ነገር እንደሌለ፣ መሬቱንም በአግባቡ እንደያዘ፣ ኋላ የተሰየመው አጣሪ ኮሚሽን መስክሮለታል።

እስከዚህ ያለው በየትኛውም አገር ሊደርስ የሚችል ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ ከብት ባለበት እበት አይጠፋም። ክሎሪን የሚጨመረውም ለዚህ ነው።

ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ያገኘውን ቆሻሻና ተህዋስ ሁሉ ይዋጋል፤ እየተዋጋም ያልቃል። ከውጊያው የሚተርፈው፣ ባለሙያዎች «ቀሪ ክሎሪን» የሚሉት፣ ውሃውን እስከ ቤት ድረስ አጅቦ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ክሎሪን ከተጨመረ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲለካ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲገኝ ይመክራል። ይህ ቁጥር ተህዋስ ከመግደሉ ባሻገር ምስክር ነው። ትናንት 0.5 የነበረው ዛሬ ወደ ዜሮ ከወረደ አንድ ነገር መስመሩ ውስጥ ገብቶ ክሎሪኑን ጨርሶታል ማለት ነው። የባክቴሪያ ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቀሪ ክሎሪንን ለመለካት ግን ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ጥቂት ውሃ በብልቃጥ ቀድቶ አንዲት መመርመሪያ ኪኒን መጨመር ነው። ውሃው ሮዝ ከሆነ ክሎሪኑ አለ፤ ቀለም ካልያዘ የለም።

በዎከርተን ይህ ልኬት በየቀኑ መካሄድ ነበረበት። መዝገቡ ላይ በየቀኑ ተጽፏል፤ 0.5፣ 0.75፣ እንደገና 0.5። አብዛኛው ሳይለካ የተጻፈ ነው። ሠራተኞቹ ሕዝብ ለመጉዳት ያሰቡ አልነበሩም። የጉድጓዱን ውሃ ያለ ክሎሪን ሲጠጡ ኖረዋል፤ ጥሩ ውሃ ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ነዋሪውም ክሎሪኑ በዛ እያለ ያማርር ነበር። ይህ ቅሬታ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ተብሎ ስንት ባልዲ ውሃ ተደፍቷል። ያ ሽታ ግን ጠባቂው እስከ ቤት ድረስ አብሮ እንደመጣ የሚያሳውቅ ነው።

በዚያው ሳምንት ቁጥር ሰባት የተባለው ሌላው ጉድጓድ ጭራሽ ክሎሪን መጨመሪያ መሣሪያ ሳይኖረው ለቀናት ውሃ ሲገፋ ነበር። ኃላፊው የምርመራውን ውጤት የደበቀው ይህ ጉድ እንዳይታወቅ ፈርቶ ነው። በስውር መስመሩን ማጠብና ክሎሪን ማብዛት ያዘ፤ ሳይሰማ ይስተካከላል ብሎ ተስፋ አደረገ።

ላቦራቶሪውስ? እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ድረስ የከተሞቹን ውሃ የሚመረምሩት የግዛቱ መንግሥት ላቦራቶሪዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት በወጪ ቅነሳ ምክንያት ሥራው ለግል ላቦራቶሪዎች ተለቀቀ፤ መጥፎ ውጤት ያገኘ የግል ላቦራቶሪ ለጤና ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ ግን አብሮ አልወጣም። የዎከርተንን ውሃ የመረመረው ላቦራቶሪ ውጤቱን ለደንበኛው ላከ። ጤና ቢሮው ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

በዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የተመራው አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት ሪፖርቶች አውጥቶ 121 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። ከግኝቶቹ ሁለቱ ዛሬም ከልብ አይጠፉም። አንደኛው፣ በቁጥር አምስት ጉድጓድ ላይ ክሎሪንንና ድፍርስነትን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢተከል ኖሮ ወረርሽኙን ማስቀረት ይቻል ነበር። ሁለተኛው፣ ኃላፊው ጤና ቢሮው በደወለለት በግንቦት 11 ቀን እውነቱን ቢናገር ኖሮ ከ300 እስከ 400 የሚሆን ሰው ከሕመም ይድን ነበር። የአንድ ስልክ መልስ ዋጋ ይህን ያህል ነበር።

ሃምቡርግ የዘገየችባቸው ቀናት

ወሬን ማዘግየት የኋላ ዘመን ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 የጀርመኗ የወደብ ከተማ ሃምቡርግ ከኤልበ ወንዝ የቀዳችውን ውሃ ሳታጣራ ለነዋሪዋ ታጠጣ ነበር። ማጣሪያ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር በወጪው ምክንያት ለዓመታት ተንዛዝቷል። ከእርሷ ጋር ግድግዳ የምትጋራው አልቶና ግን ከዚያው ወንዝ፣ ያውም የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ቦታ በታች የቀዳችውን ውሃ፣ በአሸዋ ታጣራለች።

በነሐሴ ወር አጋማሽ ኮሌራ ወደ ወደቧ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በታመሙ ጊዜ ባለሥልጣናቱ በሽታውን በስሙ ለመጥራት አመነቱ። ኮሌራ ከተባለ ወደቡ ይዘጋል፤ መርከቦች ይታገዳሉ፤ ንግዱ ይቆማል። በማመንታት ቀናት አለፉ፤ በእነዚያ ቀናት ያልተጣራው ውሃ ተህዋሱን ለከተማው ሁሉ አከፋፈለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 8,600 ያህል ሰው ሞተ። አልቶና ግን በአብዛኛው ተረፈች። ሁለቱን ከተሞች በሚያዋስኑ ጎዳናዎች ላይ፣ በአንደኛው ወገን ያሉት ቤቶች ሬሳ ሲያወጡ ማዶ ያሉት ደህና ነበሩ። አየሩ አንድ፣ መሬቱ አንድ፣ ወንዙም አንድ ነው፤ የተለየው ማጣሪያው ነበር። የሃምቡርግ ማጣሪያ ተሠርቶ የተጠናቀቀው በተከታዩ ዓመት ነው።

ከዚያ 38 ዓመት ቀደም ብሎ በለንደን ሶሆ ሰፈር የሆነው ደግሞ ወሬ በትክክል ሲጓዝ ምን እንደሚሠራ ያሳያል። በ1854 እ.ኤ.አ. በነሐሴ መጨረሻ ኮሌራ ሰፈሩን መታው፤ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። በዚያን ጊዜ በሽታው በመጥፎ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾችን ዝርዝር ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀ። አብዛኞቹ መልሶች በብሮድ ስትሪት ወደቆመው የእጅ ፓምፕ አመሩ። በአካባቢው ባለ የቢራ ፋብሪካ የሚሠሩት ሰዎች ቢራ እንጂ የፓምፑን ውሃ ስለማይጠጡ በኮሌራ አልሞቱም። መስከረም 8 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ስኖውን ዓለም ያስታውሰዋል። ሄንሪ ዋይትሄድ የተባለውን የሰፈሩን ቄስ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ዋይትሄድ መጀመሪያ የስኖውን ሐሳብ ሊያስተባብል ተነስቶ ነበር። ምዕመናኑን በስም ስለሚያውቃቸው፣ ሐዘን ቤት ሲገባም ስለማይከለከል፣ ሐኪሙ ሊያገኘው ያልቻለውን ታሪክ ሰበሰበ። በመጨረሻ ከፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት ቁጥር 40 ውስጥ ቀድማ የታመመች ሕፃን እንደነበረች፣ የጨርቋ እጣቢም ከጉድጓዱ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ባለ የሚያፈስ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋ እንደነበር አወቀ። የሳይንሱን ማስረጃ የሞላው ሰፈሩ የሚያምነው ሰው ነው።

ፋርማሲዎቹ ቀድመው ያወቁት

ክሎሪንም ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢትና በሚያዝያ 1993 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ 403,000 ያህል ሰው በተቅማጥ እንደታመመ ተገምቷል። ምክንያቱ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥቃቅን ጥገኛ ተህዋስ ነበር። ይህ ተህዋስ ጠንካራ ሽፋን ስላለው በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ክሎሪን አይገድለውም፤ ሊያስቀረው የሚችለው ጥሩ ማጣሪያ ነው። ከከተማዋ ሁለት ማጣሪያ ጣቢያዎች በደቡቡ በኩል ያለው በእነዚያ ቀናት ከወትሮው የደፈረሰ ውሃ ለቅቋል። ድፍርስነቱ ግን በጊዜው ከነበረው ደንብ አላለፈም። ስለዚህ ደወል የሚነካ ሰው አልነበረም።

ከተማው ግን ራሱ እየተናገረ ነበር። ፋርማሲዎች የተቅማጥ መድኃኒት አለቀባቸው። ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች ሠራተኛ ጎደለባቸው። የጣቢያው መዝገብ ድፍርስነቱን ይዟል፤ ፋርማሲው ሽያጩን ያውቃል፤ ላቦራቶሪው የበሽተኛውን ናሙና ይመረምራል። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እስኪገናኙ ብዙ ቀን አለፈ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚለው ማስጠንቀቂያ የወጣው ሚያዝያ 7 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ነው። ከሞቱት ከ50 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ በኤችአይቪ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የደከመ ነበሩ።

ፈረቃ፣ ጀሪካንና ሮቶ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ቢያንስ 1.7 ቢሊዮን ሰው በዓይነ ምድር የተበከለ የመጠጥ ውሃ ይጠቀም እንደነበር ገምቷል። በተበከለ ውሃ ሰበብ በሚመጣ ተቅማጥ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው 505,000 ያህል ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ የዎከርተን ዓይነት ፋክስ የሚላክበት ቢሮ እንኳ የሌላቸው ናቸው። ኢትዮጵያም የምትቆጠረው ከዚያ ወገን ነው፤ ችግሯ ግን በገጠሩ ምንጭ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም።

አዲስ አበባ ውሃዋን ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች ታገኛለች። በክረምት ከማሳው የሚታጠበው አፈር ግድቦቹን ያደፈርሳል። ማጣሪያ ጣቢያው ውሃውን በኬሚካል አዝቅጦ፣ በአሸዋ አጣርቶ፣ በክሎሪን አክሞ ይለቃል። ሆኖም ከጣቢያው የሚወጣው ውሃና በቤት ጣሳ የሚጠጣው ውሃ አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። በመካከላቸው ረጅም መንገድ አለ፤ መንገዱ ደግሞ በፈረቃ ነው።

ቧንቧ ሙሉ ሆኖ ግፊት እስካለው ድረስ ቢሸነቆርም ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ቆሻሻ አይገባበትም። ፈረቃው ሲዘጋ ግፊቱ ይወድቃል። ያኔ መስመሩ ባዶ ይሆንና በቀዳዳው ዙሪያ ያቆረ ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቧንቧው በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ካለፈ፣ ወይም አጠገቡ የመጸዳጃ ጉድጓድ ካለ፣ የሚሳበው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በሕንድ ሁብሊ ዳርዋድ ከተሞች የተካሄደ ጥናት አንድ ዓይነት ምንጭና ማጣሪያ ያላቸውን ሁለት ዓይነት ሰፈሮች አነጻጽሮ ነበር፤ ውሃ በፈረቃ የሚያገኙና ሳይቋረጥ የሚያገኙ። በፈረቃ ከሚያገኙት ቧንቧዎች ከተቀዳው ናሙና ሲሦ የሚጠጋው ኢ. ኮላይ ተገኘበት፤ ሳይቋረጥ ከሚያገኙት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ማጣሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የውሃው መቆራረጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በቤት ውስጥ ነው። ፈረቃው ሌሊት ስለሚደርስ እናት ከእንቅልፏ ተነስታ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ በርሜሉን ትሞላለች። የፈረቃው የመጀመሪያ ውሃ መስመሩ ውስጥ የገባውን ሁሉ ይዞ የሚመጣ በመሆኑ ለጥቂት ደቂቃ ለቀቅ አድርጎ ለመጸዳጃና ለወለል ማዋል ይገባል። ግን ሳምንት ሙሉ የጠበቀችውን ውሃ ማን ያፈስሳል? ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሮቶ ከተተከለ ጀምሮ ላይታጠብ ይችላል። በበርሜል የቆየ ውሃ ቀሪ ክሎሪኑ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። በዚህ ላይ እጅ የነካው ጣሳ ሲጠለቅበት ከለገዳዲ ጀምሮ የተለፋበት ንጽሕና በመጨረሻው ሜትር ይጠፋል። ውሃው ግን ኩልል እንዳለ ነው።

በሽታውን በስሙ መጥራት

ሰኔ 2008 ዓ.ም. ላይ በአዲስ አበባ ወረርሽኝ ተከሰተ፤ ሕዝቡ የሰማው ስሙ «አተት» ነበር። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ለሚለው የወጣ አጠራር ነው። ትርጉሙ የበሽታውን ምልክት እንጂ በሽታውን አይናገርም። ኮሌራ ብሎ ላለመጥራት ይቀርብ የነበረው ምክንያት ሃምቡርግ ካቀረበችው ብዙም አይርቅም፤ ንግድ፣ ቱሪዝም፣ የአገር ገጽታ። ኮሌራ ግን ጊዜ የማይሰጥ በሽታ ነው። ያልታከመ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ በሕይወት አድን ንጥረ ነገርና በፈሳሽ ቶሎ ከታከመ ደግሞ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እናት ልጇን የወሰደችበት ሰዓት ነው። «ተቅማጥ ነው» ተብሎ የተነገራት እናት እስከ ነገ ትጠብቃለች። «ኮሌራ ነው» የተባለች ግን በሌሊት ትነሣለች።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ወረርሽኞች በሽታው በይፋ ኮሌራ ተብሎ መጠራቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ላይ በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው ወረርሽኝ በየክልሉ ተዛምቶ በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይዟል። ስምን መጥራት በሽታን አያቆምም። ያለ ስም ግን ጥንቃቄ አይጀመርም። ሄይቲ ለዚህ መራራ ምሳሌ ናት። በጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪዎች ካምፕ በወጣ ፍሳሽ የተበከለ ወንዝ ኮሌራን አሠራጭቶ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ። ድርጅቱ በወረርሽኙ አጀማመር ውስጥ የነበረውን ድርሻ በይፋ የተቀበለው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ የወሬው መስመር የሚያልፍበት ሌላ በር ደግሞ አለ። በአዲስ አበባ ወረርሽኝ ላይ የተካሄደ ጥናት ጸበል መጠጣትንና ጥሬ አትክልት መብላትን ከበሽታው ጋር ተያይዘው አግኝቷቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል በተሰበሰቡ ምዕመናን መካከል ኮሌራ ተነሥቶ፣ ሰዉ ወደየቀዬው ሲመለስ አብሮት ተጉዟል። ይህን የሚናገር ሰው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጸበል የሚሄድ ሰው በአብዛኛው ታሞ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ወደ መጨረሻው መጠጊያው የሚሄድ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያለ በቂ መጸዳጃ አንድ ምንጭ ዙሪያ ሲሰፍር ምንጩ የሚበከለው በሰዉ እምነት አይደለም፤ ከላይ በኩል ባልታጠረው ዳገት፣ ለመጠጥና ለመጠመቂያ ባልተለየው ውሃ ነው። ምንጩን ከላይ ማጠር፣ መጸዳጃውን ከምንጩ በታች አርቆ መቆፈር፣ የሚጠጣውን በቧንቧ ለይቶ ማውጣት ከሃይማኖት ጋር የሚጋጭ ሥራ አይደለም። ይህን ለምዕመኑ ሊነግር የሚችለው ግን ከጤና ጽሕፈት ቤት የተላከ ወጣት ብቻውን ሊሆን አይችልም። የለንደኑን ቄስ የዋይትሄድን ቦታ የሚይዘው የአጥቢያው ካህን ነው። በሌላው ሰፈር ኢማሙ ነው፤ የዕድሩ ዳኛ ነው፤ ለዓመታት ቤት ለቤት የዞረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

ማስጠንቀቂያው ከማስረጃው ሲቀድም

ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ማምሻውን፣ በአሜሪካ የነፃነት ቀን ዋዜማ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቿ አርሊንግተን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። በፖቶማክ ወንዝ የበዛው አልጌ ማጣሪያ ጣቢያውን አጨናንቆ የውሃው ድፍርስነት ከፍ ብሏል። የተበከለ ውሃ ግን ገና አልተገኘም፤ የታመመ ሰውም አልነበረም። በበዓል ዋዜማ ከተማን ማስደንገጥ ቀላል ውሳኔ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት የምርመራው ውጤት ውሃው ደህና እንደሆነ ሲያረጋግጥ ማስጠንቀቂያው ተነሣ። አንድ ሌሊት ውሃ አፍልቶ ያደረ ሰው ያጣው ነገር ጥቂት ነው። የዎከርተን ማስጠንቀቂያም የወጣው በረጅም የበዓል ዕረፍት መካከል ነበር፤ ግን ሆስፒታሉ ከሞላ በኋላ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሻሻለው የመጠጥ ውሃ ሕግ ውሃ አቅራቢዎች በየዓመቱ የውሃው ጥራት ምን እንደሚመስል ለደንበኞቻቸው እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ኦንታሪዮም ከዎከርተን በኋላ መጥፎ ውጤት ያገኘ ላቦራቶሪ ለጤና ባለሥልጣኑ በቀጥታ እንዲያሳውቅ በሕግ ደነገገች። ሁለቱም ድንጋጌዎች አዲስ ቧንቧ አልዘረጉም፤ ወሬው እንዳይቆም ብቻ አደረጉ።

በኢትዮጵያ ፈረቃን በአንድ ዓመት ማስቀረት አይቻልም፤ ያረጀ መስመርም በአንድ በጀት አይቀየርም። የወሬውን መስመር መዘርጋት ግን ግድብ የመገንባት ያህል ገንዘብ አይጠይቅም። መጀመሪያ፣ ልኬቱ ከጣቢያው በር ወደ መስመሩ ጫፍ ይውረድ፤ ፈረቃው በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ከዳገት ላይ ካለው የመጨረሻ ቦኖ። ሁለተኛ፣ መጥፎ ውጤት ያገኘ ላቦራቶሪ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ለውሃ አገልግሎቱና ለጤና ቢሮው በዚያው ሰዓት ያሳውቅ። ሦስተኛ፣ የተቅማጥ መድኃኒት የሚሸጠው ፋርማሲ ሽያጩ ድንገት ሲጨምር የሚደውልበት ቁጥር ይኑረው። አራተኛ፣ ቤተሰቡ ማድረግ የሚችለውን በግልጽ ይነገረው፤ ሮቶውን ማጠብ፣ የሚጠጣውን ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ክሎሪን ማከም፣ ጣሳ ከማጥለቅ ይልቅ ከአፈ ጠባብ ዕቃ መቅዳት።

የከተማ ሰው የውሃ ሒሳቡን ሲከፍል ስንት ሜትር ኩብ እንደተጠቀመና ስንት ብር እንዳለበት ያያል። በየቦኖው ግድግዳ ላይ ደግሞ አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ብትሰቀል፣ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍባት፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቀሪ ክሎሪኑ መጠን። ሰፈር ውስጥ የሚኖር፣ ሥልጠና የወሰደ አንድ ወጣት ብልቃጡንና መመርመሪያ ኪኒኑን ይዞ ጠዋት ጠዋት ይለካል፤ ውሃው ሮዝ ሲሆን ቁጥሩን ይጽፋል፤ ቀለም ካልያዘ ደግሞ ዜሮ ብሎ ጽፎ ለውሃ አገልግሎቱና ለጤና ጣቢያው ይደውላል። ጀሪካን የያዘች እናት ተራዋን እየጠበቀች ቁጥሩን ታነባለች፤ ማንበብ የማትችለው ልጇን ታስነብባለች። ዜሮ ያየች ዕለት ለልጆቿ የምትሰጠውን ውሃ አስቀድማ ታፈላለች።